የሥራ ጠረጴዛና መቋሚያ

ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል ውስጥ ቁመቷ ግማሽ ሜትር የማይሞላ ሥዕል አለች። ጣሊያናዊው ሠዓሊ አንቶኔሎ ዳ መሲና እ.ኤ.አ. በ1475 ገደማ የሣላት ናት። ቅዱስ ጀሮም በጥናት ቦታው ተቀምጦ መጽሐፍ ሲያነብ ታሳያለች። ሠዓሊው ግን ቅዱሱን ብቻ ሥሎ አላበቃም። በደረጃ የሚወጣበትን የእንጨት መድረክ፣ ጠረጴዛውን፣ መጻሕፍትና ዕቃዎች የተደረደሩበትን መደርደሪያ፣ የተሰቀለውን ፎጣ፣ የአበባ ማሰሮውን፣ ድመቷን ሳይቀር አንድ በአንድ አስገብቷል። ዕቃዎቹ የተሣሉት ቅዱሱ በተሣለበት ጥንቃቄ ነው።

እውነተኛው ጀሮም ግን ከዕቃው ጋር እንዲህ የተስማማ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ384 ኤውስቶኪዩም ለተባለች ድንግል በጻፈው ረጅም ደብዳቤ የራሱን ፈተና ሳይደብቅ ይነግራታል። ቤቱን፣ ወላጆቹንና እኅቱን፣ ከዚያም የባሰ የከበደውን፣ የለመደውን ጥሩ ምግብ ትቶ ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄድ ሲነሣ፣ በሮም በብዙ ልፋት ያሰባሰባቸውን መጻሕፍት ግን ለመተው አቅም አጣ። በኋላ በጽኑ ታሞ ሳለ በፍርድ ወንበር ፊት የቆመ መሰለው፤ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ክርስቲያን ነኝ ቢልም፣ የሮማዊው ተናጋሪ የሲሴሮ ተከታይ ነህ ተብሎ ተገረፈ። ያም ሆኖ ይህ ሰው በመጨረሻ በቤተልሔም ተቀምጦ የመጽሐፍ ቅዱስን አብዛኛውን ክፍል ወደ ላቲን የመለሰው በመጻሕፍት ተከቦ ነው። መጻሕፍቱን ሁሉ ጥሎ ቢሆን ኖሮ የምዕራቡ ዓለም ከሺህ ዓመት በላይ ያነበበው ትርጉም ባልኖረ ነበር።

ብርቱ አእምሮና ንጹሕ ፈቃድ ያለው ሰው ለሥራው ምን ያህል ዕቃ ያስፈልገዋል? ጥያቄው የጀሮም ብቻ አይደለም። ዛሬ ቤቱ ሆኖ የሚሠራ የሂሳብ ባለሙያ፣ ተርጓሚ ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ የላፕቶፕ ማቆሚያ፣ ተጨማሪ ስክሪን፣ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ የወገብ ድጋፍ ያለው ወንበር፣ ድምፅ የሚያፍን ሄድፎንና የጠረጴዛ መብራት ሲያማርጥ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ምርጫው ውስጥ ስለ ሥጋ፣ ስለ ትኩረትና ስለ ባልንጀራ የተደበቀ አንድ እምነት አለ።

አንዱ ጥንታዊ መልስ የዲዮጋንስ ነው። ይህ የግሪክ ፈላስፋ አንድ ሕፃን በእጁ መዳፍ ውሃ ሲጠጣ አይቶ ከከረጢቱ ጽዋውን አውጥቶ ጣለ ይባላል። ከእሱ በኋላ የመጣው ሮማዊው ሴኔካም ባለቤታቸው የርእሳቸውን ዝርዝር እንኳ በዕድሜው አንብቦ የማይጨርሳቸው መጻሕፍት ምን ይፈይዳሉ ብሎ ሞግቷል። በዚህ መንገድ ለሚያስብ ሰው ጥሩ የሥራ ጠረጴዛ ማለት ባዶ ጠረጴዛ ነው። የሴኔካ ክርክር ዛሬም ይሠራል። የዲዮጋንስ ድርጊት ግን አንድ ነገር ይረሳል፤ የሕፃኑ መዳፍ የማይንቀጠቀጥ መዳፍ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ጽዋውን ቢጥል በጥም ይቸገራል እንጂ ነፃ አይወጣም። መናኝነት የጤነኛ ሰው ጀብዱ ብቻ ከሆነ ደካማውን ከጥበብ ደጅ ያስቀረዋል።

ለዚህ የተሻለ መልስ ከመጻሕፍት ይልቅ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ቆሞ ይገኛል። በዓል ሲሆን ሊቃውንቱ በሌሊት ገብተው እስኪነጋ በእግራቸው ይቆማሉ። በእጃቸው ጸናጽልና መቋሚያ አለ። መቋሚያው ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ሲሆን ጫፉ ላይ ግራና ቀኝ የተዘረጋ፣ ከእንጨት፣ ከቀንድ ወይም ከብረት የተሠራ መደገፊያ አለው። መሪጌታው ሲደክመው ከብብቱ ወይም ከአገጩ ሥር ያስገባውና ክብደቱን ያሳርፍበታል። ዝማሜ ሲጀመር ያው ድጋፍ የዜማው አካል ይሆናል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘነበላል፣ መሬቱን እየነካ የዜማውን አካሄድ ይጠብቃል። ሊቃውንቱ ለቅርጹ መንፈሳዊ ምስጢር ይሰጡታል። በብዙ ደብሮችም ለምእመናን የሚሆኑ መቋሚያዎች ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ የደከመው አንሥቶ ይቆምበታል፣ ሲወጣ ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ጾምንና ስግደትን በብርቱ የምታዝ ቤተ ክርስቲያን ለወገብና ለጉልበት ዕቃ ማዘጋጀቷ ነው። አገልግሎቱ ረጅም ነው ብላ አላሳጠረችውም፤ ሰውየውንም እንግዲህ ቻለው ብላ አልተወችውም። ሥጋ ይደክማል፤ መድከሙም የእምነት ጉድለት አይደለም። ስለዚህ ድጋፉ ከቅዱሱ ሥራ ጋር አብሮ ገባ፣ ተባረከ፣ ውበትም ሆነ። ይህን ያህል ጥርት ያለ የመሣሪያ ፍልስፍና ብዙ ቦታ አይገኝም።

አትሮንሱም እንዲሁ ነው። ከባዱን የብራና መጽሐፍ ተሸክሞ ለአንባቢው ዓይን ያቀርባል። የብዙ ሰው አንገት ዛሬ የሚታመመው ይህ ቀላል ሐሳብ በላፕቶፕ ላይ ስለተዘነጋ ነው። ላፕቶፕ ስክሪኑንና ኪቦርዱን በአንድ ማጠፊያ አስሮ ይዟል። ስክሪኑ ለዓይን በሚመች ከፍታ ላይ ቢቀመጥ እጅ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ትከሻም ይወጠራል። ኪቦርዱ ለክንድ በሚመች ዝቅታ ላይ ቢሆን ደግሞ አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ራስ ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ይንጠለጠላል፤ የአንገት ጡንቻም ያንን ክብደት ይሸከማል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስተካከል አይቻልም። መፍትሔው ማለያየት ነው። ላፕቶፑን ከፍ የሚያደርግ ማቆሚያ፣ ታች በክርን ልክ የሚቀመጥ ሌላ ኪቦርድና ማውስ ያስፈልጋል። የስክሪኑ የላይ ጠርዝ ከዓይን ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ርቀቱም አንድ ክንድ ያህል ቢሆን በቂ ነው። ማቆሚያ መግዛት የማይችል ሰው ወፍራም መጻሕፍት ደራርቦ ያንኑ ከፍታ ያገኛል፤ ኪቦርዱ ግን በመጽሐፍ አይተካም። ለአንድ ሰው አንድ ዕቃ ብቻ ይገዛ ቢባል ኪቦርዱ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

እየቆሙም እየተቀመጡም የሚሠሩበት፣ ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛ በአንጻሩ ከተወራለት ያነሰ ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው አንድ ግምገማ እንዲህ ያለው ጠረጴዛ በሥራ ቀን የመቀመጫ ጊዜን በአማካይ ወደ 100 ደቂቃ ገደማ እንደሚቀንስ፣ ማስረጃው ግን ጠንካራ እንዳልሆነ ገልጿል። መልካም ነው፤ ዋጋውን ለማይችል ግን የሚያስቆጭ አይደለም። ተነሥቶ ውሃ ለመቅዳት መሄድ ነፃ ነው።

የጠረጴዛ መሣሪያዎች ታሪክ ራሱ ከድካም የተወለደ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያናዊው ፔሌግሪኖ ቱሪ የመጻፊያ መሣሪያ የሠራው ዓይነ ስውር ለነበረችው ለካሮሊና ፋንቶኒ ነው፤ በሰው እጅ ሳታስጽፍ ራሷ ደብዳቤ እንድትጽፍ። በኋላ በገበያ ከተሸጡት የመጀመሪያዎቹ የጽሕፈት መኪናዎች አንዱን የፈለሰፈው ራስሙስ ማሊንግ ሐንሰን የዴንማርክ ቄስ ሲሆን ኮፐንሀገን ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ተቋም ኃላፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 በዚያው ዓይነት መኪና የተጠቀመው ፈላስፋው ፍሪድሪክ ኒቼም ዓይኑ እየደከመ የሄደ ሰው ነበር። መኪናው በጉዞ ተጎድቶበት ብዙ ጊዜ አልተገለገለበትም፤ ነገር ግን በዚያ አጭር ጊዜ፣ የምንጽፍበት መሣሪያ በሐሳባችን ላይ አብሮ ይሠራል የሚል ትዝብት ለወዳጁ ጻፈ። ወደ ዘመናችን ቢመጣም ነገሩ አልተለወጠም። ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበውን ኤንቪዲኤ የተባለ ነፃ ፕሮግራም የጀመሩት ሁለቱም ዓይነ ስውራን የሆኑት አውስትራሊያውያን ማይክል ከረንና ጄምስ ቴህ ናቸው። የንግዱ ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ በላይ ዋጋ በሚጠየቅበት ጊዜ እነሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ለሁሉም በነፃ የሚሆን መሥራት ጀመሩ።

የአማርኛ ጸሐፊም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ከ200 በላይ ፊደላትን ለላቲን በተሠራ መኪና ጥቂት ቁልፎች ላይ ማኖር አስቸጋሪ ነበር፤ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር የፊደል መለያ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ሰው በራሱ ቋንቋ እንዳያስብና እንዳይጽፍ የሚያግድ መሣሪያ ሲስተካከል፣ ያ ቅንጦት ሳይሆን ፍትሕ ነው።

እንግዲህ መሣሪያ ሁሉ ይባረክ ማለት ነው? አይደለም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ የታወቀውን የመዶሻ ምሳሌ ከማምጣቱ በፊት በራሱ ጠረጴዛ ዙሪያ ያለውን ይዘረዝራል፤ ብዕሩን፣ ቀለሙን፣ ወረቀቱን፣ ጠረጴዛውን፣ መብራቱን፣ መስኮቱንና በሩን። አንድ ዕቃ ብቻውን መሣሪያ አይሆንም ይላል፤ እርስ በርስ የተያያዘ ሙሉ ነገር ውስጥ ነው ትርጉም የሚያገኘው። በደንብ ሲሠራ አይታወቅም፤ ሲበላሽ ግን ፊት ለፊት ይቆማል። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ድንገት ሲጠፋ ይህ ለማንም ግልጽ ይሆናል። ከጠረጴዛው ሥር ተረስቶ የነበረው ዲቫይደር፣ ቻርጀሩ፣ የዋይፋይ ሳጥኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታሰባሉ። በዚያ ከተማ የሥራ ጠረጴዛ የመጀመሪያው ዕቃ ባትሪ ወይም ዩፒኤስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሃይደገር ሐሳብ ግን አንድ እርምጃ መራመድ ይገባል። ሳይበላሽም ፊት ለፊት የሚቆም ዕቃ አለ። ቀለሙ ከስክሪኑ ጋር እንዲሄድ የተመረጠ የማውስ ምንጣፍ፣ ቀለም የሚቀያይር የጠረጴዛ መብራት፣ ቁልፎቹ የተለየ ድምፅ እንዲሰጡ የተለወጡበት ኪቦርድ። ሰዎች ጠረጴዛቸውን ሲያስተካክሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን እያዩ ምሽት ማሳለፍ ዛሬ የተለመደ ነው። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ የሚያምር ነገር መውደድም ነውር አይደለም። አደጋው መዘጋጀት የሥራውን ቦታ ሲወስድ ነው። ያልተጀመረው ሥራ የሚያመጣውን ፍርሃት ዕቃ መግዛት ለጥቂት ቀን ያስታግሰዋል፤ ፍርሃቱ ግን ከአዲሱ ዕቃ ጋር አብሮ ይቀመጣል።

ማዘጋጀትና መሸሽ የሚለዩበትን የአገራችን ቁም ጸሐፊ ያውቀዋል። እሱም ብዙ ያዘጋጃል። ቆዳውን ወጥሮ ይፍቃል፣ ብራናውን ይቆርጣል፣ ዳርና ዳሩን በወስፌ እየወጋ መሥመር ያሰምራል። ከመቃ ብርዑን በትንሽ ቢላዋ ይቀርጻል፤ ሲደነዝዝ ደግሞ መልሶ ይቀርጸዋል። ጥላሸት ዋናው የሆነበትን ጥቁር ቀለም አቡክቶ ያቆያል። ሁለት ቀንድ አጠገቡ መሬት ላይ ይተክላል፤ ጥቁሩ ለጽሑፉ፣ ቀዩ ለቅዱሳት ስሞችና ለአርእስት። ጠረጴዛ የለውም፤ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል። የእሱ ዝግጅት ግን እያንዳንዱ በሚቀጥለው መሥመር ላይ ይታያል። ብርዑ በደንብ ካልተቀረጸ ፊደሉ ይወፍራል፣ መሥመሩ ካልተሰመረ ገጹ ይዘማል። ዝግጅቱ ሥራው ላይ አሻራ ካልተወ ምክንያቱን መመርመር ያስፈልጋል። በወሎና በሐረር የቁርአን ተማሪም ትምህርቱን በሉህ፣ ማለትም በአንዲት የእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ሲያጠናው አጥቦ ቀጣዩን እዚያው ይጽፍበታል። ቁርአን ውስጥ በብዕር በመማል የሚጀምርና በብዕር ስም የሚጠራ ምዕራፍ አለ። ብዕር እንዲህ በከበረበት ቤት ሰሌዳው አንድ ብቻ መሆኑ ይገርማል።

ስለ ትኩረት ሲነሣ ስልክ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ2017 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ዋርድና ባልደረቦቹ ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎችን አሳትፈው፣ ስልካቸው ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰዎች ስልካቸውን ሌላ ክፍል ከተዉት ይልቅ በአእምሮ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጡ ጻፉ። ስልኩ ባይጮኽም፣ ተገልብጦ ቢቀመጥም እንኳ። ሙከራውን የደገሙ ሌሎች ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ ያንኑ ውጤት ሲያገኙ ሌሎቹ አላገኙም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም። ቢሆንም ራሱን የሚታዘብ ሰው ሁሉ ስልኩ አጠገቡ ሲሆን እጁ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ስልክን የሚከት መሳቢያ ከብዙ ዕቃ ይበልጣል።

ድምፅ የሚያፍነው ሄድፎን የበለጠ ያሳስባል። አሜሪካዊው መሐንዲስ አማር ቦዝ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ወደ አሜሪካ ሲበር በአውሮፕላኑ ጩኸት ተቸግሮ ጀመረው፤ በ1989 ለአብራሪዎች የተሠራው ወጣ። የሞተርን ጩኸት ለማፈን ተወልዶ ዛሬ የሰውን ድምፅ ለማፈን ይውላል። ጸጥታ መፈለግ የቆየ መንፈሳዊ ናፍቆት ነው፤ የግብፅ በረሃ አባቶች ለዚህ ብለው ከከተማ ወጥተዋል። ልዩነቱ እነሱ ሰውን ትተው ወደ ጸጥታ ሄዱ፤ በሰው መካከል ተቀምጠው ሰውን አላጠፉም። ገብቶ ሰላም ሳይሉ ማለፍ እንደ ጥል በሚቆጠርበት አገር፣ ቢሮ ውስጥ ጆሮውን ሸፍኖ የሚውል ሰው ለባልደረቦቹ ምን እያለ እንደሆነ ቢያስብ መልካም ነው። የልጆች ጩኸት ባለበት ባለ አንድ ክፍል ቤት ለሚሠራ ሰው ግን ያው ዕቃ እንጀራው ነው። ዕቃው አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ይለያያል፤ ፍርዱን የሚለየው የተጠቃሚው ሁኔታ ነው።

ይህን በሕግ መልክ የጻፈው በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሞንቴ ካሲኖ የነበረው አባ ቤኔዲክት ነው። በሥርዓቱ 33ኛ ምዕራፍ መነኩሴ መጽሐፍም ሆነ የመጻፊያ ሰሌዳ ወይም ብዕር የእኔ ብሎ እንዳይዝ ይከለክላል። 55ኛው ምዕራፍ ላይ ግን አበምኔቱ ለእያንዳንዱ ከልብስና ከጫማ ጋር ቢላዋ፣ መርፌ፣ ብዕርና ሰሌዳ እንዲሰጠው ያዛል፤ የጎደለኝ አለ የሚል ሰበብ እንዳይኖር። የሚሰጠውም በሐዋርያት ሥራ እንደተጻፈው ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው ነው። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው ደግሞ የገዳሙን ዕቃ ሁሉ እንደ መሠዊያ ንዋየ ቅድሳት እንዲያይ በ31ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ብዕር ባለቤትነቱ ተከልክሎ ክብሩ ከፍ አለ። ዕቃን ለመናቅም ለማምለክም ያልተመቸ አቋም ነው።

እንደሚያስፈልገው የሚለው ቃል ወደ ቢሮዎቻችን ቢገባ ብዙ ነገር ይገለብጣል። በአዲስ አበባ በአብዛኛው መሥሪያ ቤት ወንበር የሚሰጠው በማዕረግ ነው። ከስብሰባ ስብሰባ ሲሄድ የሚውለው ሥራ አስኪያጅ ባለ ቆዳ ተሽከርካሪ ወንበር አለው፤ መደገፊያው ከራሱ በላይ ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ ከኪቦርድ የማትነሣው ጸሐፊና መስኮቱ ላይ ብር የምትቆጥረው ገንዘብ ተቀባይ ደግሞ ከፍ ዝቅ የማይል ወንበር ላይ ትራስ አስደግፈው ይውላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ የወገብ ሕመም ግን ቀስ ብሎ ስለሚመጣ እንደ አደጋ የሚቆጥረው ጥቂት ነው። የግዢ ክፍሉ ወንበር ሲያዝ ሃምሳውንም በአንድ ቁመት ያዛል፤ ከፍና ዝቅ የሚለው የዋጋ ልዩነት አለው ይባላል። ማን ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ፣ እግሩ መሬት ይደርስ እንደሆነና ዓይኑ ከስክሪኑ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቆ ግዢውን የሚጀምር ሰው ግን አሁንም እዚያ ክፍል ውስጥ ሊመደብ ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የሜትር ገመድና ከታች ካሉት ሠራተኞች የሚጀመር አንድ ጠዋት ነው።